እግር የሚድነው አጥንቱ ሲሸፈን ነው

የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነኝ። የምሠራበት ሪፈራል ሆስፒታል ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በሚወጣው ዋና መንገድ ዳር ነው። ሲኖትራክ የገጨው፣ ባጃጅ የተገለበጠበት፣ ከአይሱዙ ጭነት ላይ የወደቀ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። ከሁሉም የሚበዛብን ደግሞ ከጉልበት በታች የተሰበረ እግር ነው።

ስብራት ሲባል ሰው የሚጠይቀው ስለ አጥንቱ ነው። «ደቋል ወይ?» «ብረት ይገባለታል?» «ስንት ወር ይፈጃል?» ዘመድ ይህን ይጠይቃል፣ ሐኪሙም ይህንኑ ይመልሳል። እኔ ግን ከጠረጴዛው ዳር ቆሜ እንዳየሁት፣ ሰው እግሩን የሚያጣው አጥንቱ ስለተሰበረ ብቻ አይደለም። አጥንቱን የሚሸፍነው ሥጋና ቆዳ ስለሚጠፋ፣ የጠፋውም በጊዜው ስለማይተካ ነው። አጥንት የሚጠግን ስፔሻሊስት በየክልሉ እየተገኘ ነው። አጥንቱን የሚሸፍን ግን አዲስ አበባ ተከማችቶ ቀርቷል። ይህ መቀየር አለበት፤ መቀየሩም ሰው እንደሚገምተው ሩቅና ውድ አይደለም።

እስቲ ቅልጥማችሁን በእጃችሁ ዳብሱት። ከፊት በኩል በቆዳውና በአጥንቱ መካከል ሥጋ የሚባል ነገር የለም። ጎማ ሲሄድበት ቆዳው ይገፈፋል፣ አጥንቱ ፈጦ ይወጣል። አጥንት ደረቅ ነገር ይመስላል እንጂ ሕይወት አለው፤ ደም የሚያገኘውም ከውስጡ ብቻ ሳይሆን በላዩ ከለበሰው ስስ ሽፋንና በዙሪያው ካለው ሥጋ ነው። ሥጋው ሲሄድ ውሃ እንደተቋረጠበት ችግኝ ቀስ እያለ ይደርቃል። መጀመሪያ ነጣ ብሎ ሮዝ የሚያብለጨልጨው አጥንት ይገረጣል፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠቁራል። በሞተ አጥንት ላይ ተህዋስያን ከሰፈሩ መድኃኒት አያገኛቸውም፤ መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነውና። በየቀኑ ሴፍትሪያክሶን ቢወጋ መግሉ አይቆምም።

ሐኪሞች ክፍት ስብራትን የሚመድቡት ጉስቲሎና አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት፣ በ1984 በተሻሻለው ደረጃ ነው። ከባዱ ሦስተኛው ነው። በእሱም ውስጥ «ሦስት ቢ» የሚባለው አጥንቱ ተጋልጦ በቦታው በቀረው ቆዳ ሊሸፈን የማይችለው ሲሆን፣ «ሦስት ሲ» ደግሞ የደም ስሩ ተቆርጦ ካልተጠገነ እግሩ የማይተርፍበት ነው። ስለ ሁለተኛው ብዙ አልልም። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ የሚታገሠው ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ ከገጠር በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ እስኪያደርሱት ያ ሰዓት አልፎ ይገኛል። የእኔ ሙግት ስለ «ሦስት ቢ» ነው። እሱ ቀናት ይሰጠናል። የተሰጡንን ቀናት ነው የምናባክነው።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ደም ለማቆም ተብሎ እግር ከላይ በመቀነት ወይም በገመድ ጠብቆ ከታሰረ፣ ያ ስድስት ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ከዚያች ደቂቃ ነው። ደሙ የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ማሰር የግድ ከሆነ የታሰረበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ከተጎጂው ጋር ላኩልን። ቡናና አፈርም ቁስል ላይ አታድርጉ፤ እኛው ነን አጥበን የምናወጣው።)

የመጀመሪያው ኦፕሬሽን እጥበት ነው። ለእንዲህ ያለ ቁስል ዘጠኝ ሊትር ሳላይን መጠቀም የተለመደ ነው፤ የአንዱ ሊትር ከረጢት ሲያልቅ ሌላውን እሰቅላለሁ። ከሥጋው ውስጥ ጠጠር ይወጣል፣ ገለባ ይወጣል፣ የሱሪ ክር ይወጣል፣ የአስፋልት ጥቁር ቅንጣት ይወጣል። ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ ጡንቻውን በመቆንጠጫ እያነሳ ይፈትነዋል። ቀለሙ ቀይ ነው ወይስ ጠቁሯል? ሲያዝ ይጸናል ወይስ ይበጣጠሳል? ሲቆነጠጥ ይኮማተራል? ጫፉ ሲቆረጥ ይደማል? ፈተናውን ያላለፈ ሥጋ ይወጣል። እዚህ ላይ መሳሳት የለም፤ የሞተ ሥጋ ትተን ከወጣን በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሽታው ይነግረናል። ቀይ ጡንቻ ተቆንጥጦ ፈጠን ብሎ ሰብሰብ ሲል ግን ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ እናየዋለን። ማደንዘዣ ሰጪው ሳይቀር ከወንበሩ ከፍ ብሎ ያያል። ቀጥሎ ስብራቱ እንዳይነቃነቅ ከቆዳው ውጭ የሚቆም ብረት ይታሰርለታል።

ይህን በደንብ እንሠራዋለን። የእኛ ሐኪሞች ለዚህ ከማንም አያንሱም፤ ሌሊት በጄኔሬተር መብራት ሲሠሩት ስለማየው ነው የምመሰክረው። ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ወጣት የባጃጅ ሾፌር መጥቶልን ነበር። እጥበቱ ተሠራለት፣ ብረቱ ገባለት፣ ጣቶቹ ሙቀት ነበራቸው፣ ይንቀሳቀሱ ነበር። ቅልጥሙ ላይ ግን መዳፍ የሚያህል አጥንት ያለ ቆዳ ቀረ። የሚሸፍንልን ፕላስቲክ ሰርጀን ስለሌለን ሪፈር ተጻፈለት። የሊያዞን ቢሮው ደወለ፤ በተቀባዩ ሆስፒታል አልጋ የለም ተባለ። በማግሥቱም ተደወለ። አባቱ ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ቁስሉን ልንቀይር በገባን ቁጥር ጋቢያቸውን ሰብስበው ይነሱና «ሲስተር፣ ልጄ፣ ዛሬስ ምን አሉ?» ይሉኛል። አልጋ ሲገኝለት ሳምንታት አልፈው ነበር። አጥንቱ ጠቁሮ፣ መግል ከሥሩ እየፈለቀ ሄደ። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ከመቁረጥ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። በኋላ በክራንች ለቀጠሮ ሲመጣ አብረውት የነበሩት አባቱ ያሉኝን ልረሳው እችላለሁ ብዬ አላስብም፤ «እግሩ እኮ ሁላችንም ቆመን እያየነው ነው የሞተው።»

ማንም ሰነፍ አልነበረም። ዘበኛው እንኳ ለዚያ ልጅ ስልክ ደውሏል። ጥፋቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

ቶሎ መሸፈን ምን ያህል እንደሚያድን ከታወቀ ቆይቷል። የሉብሊያናው ቀዶ ሐኪም ማርኮ ጎዲና 532 ሕሙማንን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1986 አሳተመ። እሱ ይሠራ የነበረው ከሌላ የሰውነት ክፍል ሥጋና ቆዳ ከነደም ስሩ ወስዶ በማይክሮስኮፕ እያዩ ቁስሉ ላይ መትከልን ነው። ቁስላቸው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተሸፈነላቸው መካከል የተተከለው ሥጋ የሞተባቸው 0.75 በመቶ፣ ያመረቀዘባቸው 1.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ72 ሰዓት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ከተሠራላቸው ግን 12 በመቶዎቹ ሥጋው ሞተባቸው፣ 17.5 በመቶዎቹ አመረቀዙ። ጎዲና በዚያው ዓመት በመኪና አደጋ ሞተ፤ ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ዛሬ የእንግሊዝ የአጥንትና የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት የጋራ መመሪያ፣ ጸረ ተህዋስያን መድኃኒቱ ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ፣ ቁስሉም በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲሸፈን፣ ሁለቱ ሐኪሞች ከመጀመሪያው አንስተው አብረው እንዲያቅዱ ይላል። በእኛ ዋርድ 72 ሰዓት ሲሞላ ብዙ ጊዜ የሪፈር ወረቀቱ ገና ማኅተም እየጠበቀ ነው።

በአጥንት በኩል ተመሳሳይ ችግር ነበረን፤ አብዛኛው ተፈቷል። ሉዊስ ዚርክል የተባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይን የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ የሠራው ረጅም ብረት በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ የሚገባው ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ የራጅ ማሽን ሳያስፈልግ ነው፤ ለድሃ ሕሙማን ደግሞ በነጻ ይሰጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ወራት በጄሶና በክብደት ታስረው አልጋ ላይ ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች በዚህ ብረት በቶሎ ቆመዋል። መሣሪያው ቀላል ሲሆን ሙያው ወደ ክልል ወረደ ማለት ነው። ለቆዳና ለሥጋው ያላደረግነው ይህንን ነው።

ይህን ስል «ማይክሮስኮፕ የት አለና?» የሚለኝ አይጠፋም። ለሁሉም ቁስል ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ከቁርጭምጭሚት አካባቢ ላለውና በጣም ሰፊ ለሆነው አዎ፣ ብዙ ጊዜ የጎዲና ዓይነት ሥራ ይፈልጋል፤ እሱ አዲስ አበባ ይሁን። ለጉልበትና ለቅልጥም የላይኛው ሲሶ ግን መሸፈኛው እዚያው እግሩ ላይ አለ። ባታችን ውስጥ ያለው ጡንቻ ነው። ለመካከለኛው ሲሶ ደግሞ ከእሱ ሥር ያለው ሌላው ጡንቻ ያገለግላል።

አንድ የእኛ የአጥንት ሐኪም ይህንን ሥራ ተምሮ በተመለሰ ጊዜ የመጀመሪያዋ በሽተኛ መናኸሪያ በር ላይ እንጀራ የምትሸጥ እናት ነበረች። ሚኒባስ ወደ ኋላ ሲመጣ ከግንቡ ጋር አጣብቋት ከጉልበቷ በታች ያለው አጥንት ተጋልጧል። ሐኪሙ ባቷን በውስጥ በኩል በረጅሙ ከፈተ፣ የጡንቻውን ጫፍ ከተረከዝ ጅማት ለየው፣ ከጉልበት በስተኋላ የሚመጣው ደም ስሩ እንዳይነካ እየተጠነቀቀ አነሳውና ገልብጦ አጥንቱ ላይ አለበሰው። ቀይ፣ ወፍራም፣ ዳር ዳሩ ደም የሚያዥ ሥጋ። አጥንቱ ከዓይናችን ጠፋ። ከጭኗ በመላጫ ቢላዋ ስስ ቆዳ ተነሳና በላዩ ተሰፋ፤ ደም ከሥሩ እንዳይቋጥር በቆዳው ላይ በምላጭ ጫፍ ትንንሽ ቀዳዳ የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ፋሻው እስኪከፈት ያለው ጊዜ ለሁላችንም ጭንቅ ነው። ጋዙ ቆዳውን እንዳይልጠው በሳላይን እያራስን ቀስ ብለን ስናነሳው ቆዳው ሮዝ ሆኖ ተጣብቆ አገኘነው። ያቺ ሴት ዛሬ መናኸሪያው በር ላይ ናት። ባቷ ቀጥኗል፣ ስትቆም በአንድ ጎን ትደገፋለች፣ በሁለት እግሯ ትሄዳለች።

ኦፕሬሽኑ የፈጀው ጥቂት ሰዓት ነው። የተጠቀምንበት መሣሪያ ከመላጫ ቢላዋው በቀር ሁልጊዜም መደርደሪያችን ላይ ያለ ነው። የጎደለን የሐኪሙ እጅ ነበር፤ እጅ ደግሞ ይሠለጥናል። አጭር ሥልጠና እግር እንደሚያድን በአገራችን ታይቷል። በጉራጌ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ወጌሾችን ሰብስቦ፣ ቀርከሃና ጨርቅ ጠብቆ ሲታሰር እንዴት ደም እንደሚያቋርጥና ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም ሲጠቁር ወዲያው መፍታት እንደሚገባ አስተምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጥ እጅና እግር ቀነሰ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ በሚታተም የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ወጌሻ ሠልጥኖ ይህን ካመጣ፣ ስፔሻሊስት ሐኪም ወራት ተመድበውለት ምን ሊያመጣ እንደሚችል መገመት አያቅትም።

መቁረጥ ሁልጊዜ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ጡንቻው ሁሉ የደቀቀ፣ ደም ከተቋረጠበት የቆየ፣ መርዙ ወደ ሰውነት ገብቶ ነፍስ የሚያሰጋ እግር አለ። ያን ጊዜ መቁረጥ ሰውየውን ማዳን ነው። «ከሚቆረጥ ይሙት» ብለው ወንድማቸውን ከአልጋ አንስተው የወሰዱ ቤተሰቦች አይቻለሁ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

እግር ማዳኑ ራሱ ዋጋ የለውም የሚሉም አሉ፤ መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ትልቅ ጥናት ነው። በአሜሪካ በስምንት የአደጋ ሕክምና ማዕከላት 569 ሰዎች ተከታትለው፣ እግራቸው የተቆረጠውና የዳነላቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ኑሯቸው ብዙ የማይለያይ ሆኖ ተገኘ። ወደ ሥራ የተመለሱት ከሁለቱም ወገን ግማሽ ያህሉ ነበሩ። የዳነላቸው እንዲያውም ለተጨማሪ ሕክምና ደጋግመው ሆስፒታል ገብተዋል። ይህን የሚጠቅሱ ሐኪሞችን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጥናቱን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ሰዎቹ መልሰው እንዲቆሙ ወይም እንዳይቆሙ ያደረገው ድህነት፣ የትምህርት ደረጃ፣ የጤና መድን ማጣትና የሚደግፍ ሰው አለመኖር እንደሆነም ጽፏል። እግሩ የተቆረጠ የእኛ ገበሬ ሞፈር ይዞ በእርጥብ ማሳ ውስጥ የሚያስኬደው ሰው ሠራሽ እግር ማግኘት አለበት፤ ሲሰበር ወይም ሲጠበው የሚያስጠግንበት ማዕከል ደግሞ የቀናት መንገድ ነው። ልጅ ከሆነ ባደገ ቁጥር አዲስ ያስፈልገዋል። የሰሜኑ ጦርነት ካለፈ ወዲህ በእነዚህ ማዕከላት በር ላይ ያለውን ሰልፍ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከዚያው ጥናት በኋላ የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ፣ ሲመጡ ውስጥ እግራቸው ደንዝዞ ምንም የማይሰማቸው ከነበሩና እግራቸው ከዳነላቸው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሁለት ዓመት ውስጥ ስሜታቸው እንደተመለሰ አሳይቷል። «አይሰማውም» ተብሎ በመጀመሪያው ሌሊት ብቻ የሚፈረድበት እግር አለ፤ ሁለት ሲኒየሮች ሳያዩት እንዲህ ያለ ውሳኔ መሰጠት የለበትም።

ሌላው የሚያስቆጨኝ ነገር ከገንዘብም ከሙያም የቀለለ ነው። የኦፕሬሽን ሰሌዳችን ላይ ቁስል መሸፈን የሚጻፈው ከድንገተኛው ሳይሆን ከቀጠሮ ሥራዎች ዝርዝር ነው። ስለዚህ ሌላ ሥራ በመጣ ቁጥር የሚገፋው እሱ ነው። ምጥ የጠናባት እናት ስትመጣ ይገፋል፤ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ለዓመት የቆየ ሄርኒያም አልፎት ይገባል፣ ኦክስጅን ጎደለ ሲባል መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ይሆናል። በሽተኛው ጾሙን ውሎ ማታ ሾርባ ይሰጠዋል። ሕጉም ያው ነው። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የጤና ተቋማት ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጡ ሲያዝ በአንድ ሰው እስከ 2,000 ብር ነበር ያሰበው። ያ ብር ለእጥበቱ ሳላይንና ለመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ሽፋኑን ማንም እንደ አስቸኳይ ስለማይቆጥረው፣ ቤተሰብ በሬ ሸጦ ጋዝና ምላጭ ከውጭ ፋርማሲ ይገዛል። የተጋለጠ አጥንት በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሸፈን ከሆነ አስቸኳይ ሕክምና ነው። ሰሌዳውም፣ አዋጁም፣ ጤና መድኑም እንዲህ ብለው ሊመዘግቡት ይገባል።

አስታማሚዎች፣ እናንተም ጠይቁ። ስለ ብረቱ ከጠየቃችሁ በኋላ «ዶክተር፣ አጥንቱ የሚሸፈነው በስንት ቀን ነው? እዚህ የሚሠራው ሰው አለ ወይ?» በሉ። መልሱ «የለም» ከሆነ ሪፈሩ በዚያው ቀን እንዲጻፍ አጥብቃችሁ ያዙ። ይህ ድፍረት አይደለም፣ መብታችሁ ነው።

ለጤና ቢሮዎች የምለው አጭር ነው። አለርትና የካቲት 12ን ጨምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሙያ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። በየሪፈራል ሆስፒታሉ አንድ የአጥንትና አንድ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ለጥቂት ወራት ደመወዛቸው ሳይቋረጥ ወደዚያ ይላኩ። ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ሲዛወር ሙያው አብሮት እንዳይሄድ። ከነርሶችም አንድ ሰው ይጨመር፤ ቆዳ የተተከለበትን ፋሻ የሚከፍተው ነርስ ነው። አንድ የቆዳ መላጫ ቢላዋና ለዓመት የሚበቃ ምላጭ ይገዛ። የቀጣዩ ዓመት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የእኛ ክፍል ጥያቄውን ጽፎ አስገብቷል፣ ቢላዋው በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ነው።